ሞተሪኖው ጥፋተኛ ነው ያለው ማን ነው? «ቀይሩትና ተገላገሉ» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በአሮጌ መኪና ባለቤቶች መካከል ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር የሰነበተ ጽሑፍ አለ። ርእሱ «አንድ ቀን የሚያስነሳ፣ አንድ ቀን የሚያኮርፍ ሞተሪኖ፤ ቀይሩትና ተገላገሉ» ይላል። ሞተሪኖ የሚባለው ቁልፉ ሲዞር ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው የኤሌክትሪክ ዕቃ ነው። አዳማ ውስጥ ቮልስ የሚነዱ የማውቃቸው ሰዎች ሁሉ ሳይልኩልኝ አልቀሩም፤ አንዱማ «አንተ ስታወሳስበው የኖርከውን ሰውየው በአንድ ገጽ ጨረሰው» የሚል ሽሙጥ አክሎበታል። ጽሑፉ በጥሩ አማርኛ የተጻፈ ነው። ጸሐፊውም የቮልስ ፍቅር እንዳላቸው ከአገላለጻቸው ያስታውቃል። የምቃወመው ምክራቸውን ነው። ምክሩን የተከተለ ሰው ያልተበላሸ ዕቃ አስወጥቶ፣ ከአሮጌው የማይሻል ዕቃ አስገብቶ፣ ችግሩን ግን እዚያው እንደ ነበረ ይዞት ሊሄድ ይችላል።

በቅድሚያ ያሉትን ሳላጣምም ላስቀምጥ። የሚነሱት የአሮጌ መኪና ባለቤት ሁሉ ከሚያውቀው ነገር ነው፤ ቁልፉ ሲዞር አንዳንዴ ሞተሩ ወዲያው ይነሳል፣ አንዳንዴ «ቀጭ» ብሎ ዝም ይላል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ድምፅ የለም። ከዚህ ተነስተው እንዲህ ይላሉ። እንዲህ የሚያደርግ ሞተሪኖ ያለቀለት ነው፤ ሙሉውን መቀየር እንጂ መመርመር ጊዜ ማባከን ነው። የመኪናው መብራት ደምቆ ከበራ ባትሪው ከጥርጣሬ ነፃ ነው። ሞተሪኖው በመዶሻ መታ መታ ተደርጎ ከሠራ ጥፋተኛነቱ ተረጋገጠ። ችግሩ በሙቀት ጊዜ የሚብስ ከሆነ ጥፋቱ የቆላው አየር ስለሆነ መኪናው እስኪቀዘቅዝ ከመጠበቅ ሌላ መላ የለውም። ሪሌ (በትንሽ ኃይል ታዝዛ ከባድ ኃይል የምታሳልፍ ማብሪያ) የሚያስገቡ የኤሌክትሪክ ሠራተኞች በሽታ ሸፋኞች ናቸው። ለተጠራጠረ ሰው የመጨረሻው ፈተና በካቻቢቴ የሞተሪኖውን ሁለት ጫፎች ማገናኘት ነው። ይህ ሁሉ ካልሆነ ደግሞ ቮልስ በግፊ ስለሚነሳ ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም።

የእኔም እንጀራ የመኪና ኤሌክትሪክ ነው። ሪሌ ከሚያስገቡት አንዱ ስለሆንኩ በአንደኛው ነጥብ ላይ መልስ ሰጪ ብቻ ሳልሆን ተከሳሽም መሆኔን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

«መመርመር ጊዜ ማባከን ነው» የሚለው የሌሎቹ አባባሎች ሁሉ እናት ስለሆነ እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ። አልፎ አልፎ የሚመጣ ብልሽት ዋና ባሕርይው ማንም ሳይነካው መጥፋቱ ነው። ሰኞ ሞተሪኖውን ቀየራችሁ፣ እስከ ዓርብ መኪናው ያለ ችግር ተነሳ እንበል። ምን ተረጋገጠ? አሮጌውን ባትነኩትስ እስከ ዓርብ ሊያስነሳ አይችልም ነበር? ጭራሽ የማይሠራ ዕቃ ሲቀየር ውጤቱ ወዲያው ይታያል፤ ከአሥር ጊዜ ዘጠኙን የሚሠራ ዕቃ ሲቀየር ግን በሚቀጥሉት ዘጠኝ ጊዜያት መሥራቱ ምስክር ሊሆን አይችልም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እዚህ ላይ ግን የሚደብቀው በሽተኛው ሳይሆን በሽታው ራሱ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ሞተሪኖ ለማውጣት ሠራተኛው የባትሪውን ጫፍ ይፈታል፣ ወፍራሙን ገመድ ከሞተሪኖው ላይ ያላቅቃል፣ የቁልፉን ቀጭን ሽቦ ይነቅላል። ሲመልስ ጨዋ ሠራተኛ ከሆነ ዝገቱን በብረት ብሩሽ ጠርጎ፣ ብሎኑን በደንብ አጥብቆ ነው። ችግሩ ከላላ ወይም ከዛገ ጫፍ የመጣ ከሆነ መኪናው በዚያው ይድናል። ያዳነው ማጥበቁና ማጽዳቱ ሆኖ ሳለ ምስጋናውም ገንዘቡም ለአዲሱ ዕቃ ይሄዳል። ጸሐፊው «ቀይረው የዳኑ ብዙ ሰዎች አውቃለሁ» ሲሉ አምናቸዋለሁ። በምን እንደዳኑ ግን እሳቸውም ባለመኪናዎቹም ያወቁ አይመስለኝም።

ደግሞ ቮልስን ምሳሌ ማድረጋቸው ራሱ ከአባባላቸው ጋር ይጋጫል። በአብዛኞቹ ቮልሶች ላይ የሞተሪኖው ዘንግ ጫፍ የሚያርፈው በሞተሪኖው ቤት ውስጥ አይደለም፤ በካምቢዮው (በማርሽ ሳጥኑ) ቤት ላይ በተመታች አንዲት ትንሽ የነሐስ ቡሽ፣ ማለትም ዘንጉ የሚሽከረከርባት ቀለበት ውስጥ ነው። ያቺ ቡሽ ስትበላ ዘንጉ ይንጋደዳል፣ የሚሽከረከረው ክፍል ከውስጥ ግድግዳው ጋር ይተሻሻል፣ ሞተሪኖው አንዴ ይሽከረከራል አንዴ ተይዞ ይቀራል። የሞተሪኖ ብልሽት ነው ብሎ የማይምል የለም። አዲስ ሞተሪኖ ገዝታችሁ ስታስገቡ ግን አዲሱ ዘንግ የሚገባው እዚያችው የተበላች ቡሽ ውስጥ ነው! ቡሿ ከሞተሪኖው ጋር ሲወዳደር ዋጋዋ ኢምንት ነው። ሞተሪኖው በወጣ ቁጥር መታየት ያለባት እሷ ሆና ሳለች በጽሑፉ ውስጥ ስሟ እንኳን አልተነሳም።

ቮላኖውም፣ ማለትም የሞተሪኖው ጥርስ ይዞ ሞተሩን የሚያዞርበት ባለ ጥርስ ክብ ብረት፣ እንዲሁ ተረስቷል። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ሲጠፋ እንዳጋጣሚ የትም አይቆምም፤ የጭመቃው ኃይል እየመለሰው ብዙ ጊዜ ከሁለት ቦታዎች በአንዱ ላይ ያርፋል። ስለዚህ የሞተሪኖው ጥርስ ለዓመታት የሚመታው የቮላኖውን እነዚያኑ ሁለት ቦታዎች ነው፤ የሚበሉትም እነሱ ናቸው። ሞተሩ የተበላው ቦታ ላይ ሲቆም ሞተሪኖው በባዶ ይጮኻል፣ ሌላ ቦታ ላይ ሲቆም በሥርዓት ያስነሳል። ለመፈተን ምንም መሣሪያ አያስፈልግም። ቁልፉን አጥፍቶ፣ ሦስተኛ ወይም አራተኛ ማርሽ አስገብቶ መኪናውን ትንሽ ወደ ፊት መግፋት፣ ከዚያ ማርሹን ባዶ አድርጎ እንደገና መሞከር ነው። አሁን ካስነሳ ጥርጣሬው ወደ ቮላኖው ዞሯል፤ በሞተሪኖ ቅያሪ የሚድን ነገር አይደለም።

«ማንኛውም ባለ 12 ቮልት የቮልስ ሞተሪኖ ይገጥማል» የሚለው ዓረፍተ ነገራቸው ደግሞ አደገኛ ነው። እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) የተሠሩት ቮልሶች በአብዛኛው ባለ 6 ቮልት ነበሩ፤ ቮላኖአቸውም 109 ጥርስ ነበረው። የባለ 12 ቮልቶቹ ቮላኖ 130 ጥርስ አለው። አገራችን ውስጥ ከ6 ወደ 12 ቮልት በእጅ የተቀየሩ መኪኖች ጥቂት አይደሉም፤ ባትሪውና ዲናሞው ተቀይሮ ቮላኖው የጥንቱ ሆኖ የቀረባቸውም አሉ። እዚያ ላይ የ12 ቮልት ሞተሪኖ ይዞ የሄደ ሰው ጥርስ ሰባብሮ ይመለሳል። ሶማሌ ተራ ወርዶ ዕቃ ከመግዛት በፊት ያለውን ጥርስ መቁጠር ይቅደም።

ከጸሐፊው የምቀበለው ነገርም አለ። ለሚሽከረከረው ክፍል ኃይል የሚያደርሰው ካርቦን ያልቃል፣ ካርቦኑ የሚነካው መዳብ ይቃጠላል፣ የሶሌኖይዱ (ከቁልፉ ትእዛዝ ሲደርሰው ጥርሱን አውጥቶ ለሞተሪኖው ኃይል የሚከፍተው ማግኔት) የውስጥ መገናኛ ይበላል፤ እነዚህ ሁሉ አንዴ የሚሠራ አንዴ የማይሠራ ሞተሪኖ ይፈጥራሉ። የሃምሳ ዓመት ሞተሪኖ ሊጠረጠር ይገባዋል። ባትሪው ጫፍ ላይ ያለውን ነጭ ዝገት በሙቅ ውኃና በሶዳ ማጠብ ከሁሉ በፊት ይቅደም ማለታቸውም ትክክል ነው። የተጠረጠረ ሁሉ ግን ጥፋተኛ አይደለም። ለይቶ ማወቂያውም ያን ያህል አስቸጋሪ አይደለም፤ መኪናው ራሱ ይናገራል። የጽሑፉ ትልቁ ጉድለት የሚመስለኝ የተለያዩ ድምፆችን ሁሉ «አኮረፈ» በሚል አንድ ቃል መጠቅለሉ ነው።

ቁልፉ ሲዞር «ቀጭ ቀጭ ቀጭ ቀጭ» የሚል ፈጣን ድምፅ ከተሰማ ሶሌኖይዱ ይስባል፣ ወዲያው ኃይሉ ይወድቅበታል፣ ይለቃል፣ እንደገና ይስባል ማለት ነው። የደከመ ባትሪ ወይም የላላ ወፍራም ገመድ ምልክት ነው። አንድ ጠንካራ «ቀጭ» ተሰምቶ ጸጥ ካለ ሶሌኖይዱ ሥራውን ሠርቷል፤ የውስጥ መገናኛው ተቃጥሎ ይሆናል፣ ካርቦኑ አልነካ ብሎ ይሆናል፣ ወይም ከባትሪው የሚመጣው ዋናው መስመር ተዳክሟል። ጭራሽ ድምፅ ከሌለ ብዙ ጊዜ ትእዛዙ ሶሌኖይዱ ጋ አልደረሰም ማለት ነው፤ ከቁልፉ እስከ ሶሌኖይዱ ያለው ቀጭን መስመር ይፈተሽ። ሞተሪኖው እየጮኸ ሞተሩ ካልዞረ ጥርሱ አልያዘም። ሞተሩ ከብዶት እየጎተተ ከዞረ ባትሪ፣ ኔጋቲቭ ወይም ያቺ የነሐስ ቡሽ ናት። ከእነዚህ ውስጥ ሙሉ ሞተሪኖ በመቀየር በእርግጠኝነት የሚድነው የትኛው ነው? ጠንካራው ነጠላ «ቀጭ» ሳይሆን አይቀርም፤ እሱም ቢሆን ዋናው መስመር ከተፈተሸ በኋላ ነው።

ችግሩ ጋራዥ ሲደርስ ይጠፋል የሚሉኝ ብዙ ናቸው። እውነት ነው፤ ስለዚህ ነው መኪናውን ጋራዥ አምጥቶ ሳይሆን መኪናው ላይ ወጥመድ ዘርግቶ መያዝ የሚሻለው። ዘዴው ቀላል ነው። ከቁልፉ የሚመጣው ሽቦ ሶሌኖይዱ ላይ ከሚገባበት ጫፍ (ጀርመኖቹ 50 የሚል ቁጥር ጽፈውበታል) አንድ ሽቦ ከትንሽ ፊውዝ ጋር ይወሰድና ሹፌሩ ፊት ከሚቀመጥ አነስተኛ አምፖል ጋር ይያያዛል። የአምፖሉ ሌላ ጫፍ ከቦዲው ጋር ይታሰራል። መኪናውን እንደ ወትሮው ንዱት። ያ ቀን ሲመጣ፣ ነዳጅ ማደያ ሰልፍ ላይም ይሁን ገበያ መሃል፣ ቁልፉን አዙራችሁ አምፖሉን ተመልከቱ። አምፖሉ ደምቆ በርቶ ሞተሪኖው ዝም ካለ ትእዛዙ ደርሷል፤ ጥፋቱ ከሶሌኖይዱ፣ ከእሱ ወዲያ ወይም ከኔጋቲቩ በኩል ነው። አምፖሉ ከጨለመ ወይም ፈዞ ከበራ ከሞተሪኖው በፊት ቁልፉ፣ ሽቦው ወይም ባትሪው ይጠየቅ። ከአንድ አምፖልና ከጥቂት ሜትር ሽቦ በላይ ወጪ የለውም። ይህ ጊዜ ማባከን ከሆነ እኔ አባክናለሁ።

አንድ ምሳሌ ልጨምር። ጎረቤቴ የሆኑ ጡረተኛ መምህር ቮልሳቸው አልፎ አልፎ «ቀጭ» ብሎ ዝም ይል ነበር። የወሰዱት ጋራዥ ሞተሪኖ ቀየረላቸው፤ ለጥቂት ሳምንታት ዳነና ተመለሰ። ባትሪ ቀየሩ፣ ዳነና ተመለሰ። የቁልፉን ቤት ቀየሩ። «እንግዲህ የቀረው እኔን መቀየር ነው» አሉኝ። ሞተሪኖው እየጎተተ ሳለ የቴስተሩን (የቮልት መለኪያውን) አንድ ጫፍ የባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን የካምቢዮው ብረት ላይ አሳረፍኩ። ሁለቱም ኔጋቲቭ ስለሆኑ ቴስተሩ ወደ ዜሮ የተጠጋ ቁጥር ማሳየት ነበረበት፤ ከሁለት ቮልት በላይ አሳየ። ሞተሩና ካምቢዮው የተቀመጡት በጎማ ላይ ስለሆነ ኔጋቲቭ የሚያገኙት ከካምቢዮው ወደ ቦዲው በተሳበ አንድ የተጎነጎነ የመዳብ ማሰሪያ ነው። የመምህሩ መኪና ማሰሪያ አረንጓዴ ሆኖ፣ ግማሽ ክሩ ተበጥሶ በጭቃ ተሸፍኖ ነበር። «ጋሼ፣ ሞተሪኖዎት ምንም አልነበረውም» ስላቸው አሮጌው የት እንዳለ ጠየቁኝ። ጋራዡ ወስዶታል።

የባትሪውና የመብራቱ ነገር በአጭሩ የሚያልቅ ነው። ሁለት የፊት መብራቶች እያንዳንዳቸው 45 ዋት ቢሆኑ ከባትሪው የሚወስዱት 7 አምፔር ተኩል ገደማ ነው። ሞተሪኖ ሞተር ሲያዞር ከመቶ አምፔር በላይ ይጠይቃል። ለመጀመሪያው የሚበቃ ባትሪ ለሁለተኛው ይበቃል ማለት አይቻልም። ትክክለኛው ፈተና መብራቱን አብርቶ ቁልፉን ማዞርና መብራቱ ምን እንደሚሆን ማየት ነው። መብራቱ ጭልም ካለ በቅድሚያ የሚጠረጠሩት ባትሪውና ጫፎቹ ናቸው። መብራቱ ቅንጣት ሳይለወጥ ሞተሪኖው ዝም ካለ ኃይሉ ጭራሽ አልተጠየቀም፤ ጥፋቱ ከትእዛዙ መስመር ወይም ከሞተሪኖው ውስጥ ነው። ቴስተር ያለው ሰው ደግሞ ያረፈ ባትሪ 12.6 ቮልት ሲያሳይ ሙሉ፣ 12.2 ሲያሳይ ግማሽ ገደማ መሆኑን ይወቅ። ሞተሪኖው ሲያዞር ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪው መጠርጠር አለበት። በነገራችን ላይ የቮልስ ባትሪ ያለው ከኋላ ወንበር ሥር ነው፤ መሸፈኛው ከሌለ የወንበሩ ብረት የባትሪውን ጫፍ ነክቶ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። መሸፈኛ የሌላቸውን ስንት መኪኖች አይቻለሁ!

መዶሻውን በተመለከተ፣ መንገድ ላይ ለቀረ ሰው መታ መታ ማድረግ ከነውሩ ጥቅሙ ይበልጣል፤ እኔም አድርጌዋለሁ። የተያዘ ካርቦን ይለቃል፣ የተጣበቀ ሶሌኖይድ ይላቀቃል። ነገር ግን መዶሻው የሚያንቀጠቅጠው የሞተሪኖውን ሆድ ብቻ አይደለም፤ እዚያው ላይ የታሰሩትን ገመዶችም ያንቀጠቅጣል። የላላ ጫፍ ለአንድ አፍታ ይገናኛል። መዶሻ ፍለጋ በሄዳችሁበት ጊዜ ደግሞ ባትሪው አርፎ ትንሽ ያገግማል፣ ሙቀቱም ይቀንሳል። ስለዚህ «መታሁት፣ ሠራ» ማለት አራት ነገር ሊሆን ይችላል፤ ጸሐፊው ከአራቱ አንዱን መርጠው ፈረዱ። ሌላም ማስጠንቀቂያ አለኝ። «ይግዙ» ከሚሉት አዲስ ዓይነት ሞተሪኖ ብዙው በውስጡ የመዳብ ጥቅል ሳይሆን ቋሚ ማግኔት ያለው ነው። ማግኔቱ ሸክላ መሰል ነገር ስለሆነ በመዶሻ ይሰነጠቃል። የድሮው የቦሽ ኩባንያ ሞተሪኖ የሚችለውን ዱላ አዲሱ አይችልም።

አሁን ወደ ሙቀቱ ልምጣ፤ የአዳማ ሰው የሚያማርረው ይህንን ነውና። ጸሐፊው ያዩት ነገር እውነት ነው። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከአዲስ አበባ የወረደ ቮልስ ለውጡ ይሰማዋል። ሶደሬ ደርሶ መልስ የሄደ፣ ለቡና ቆሞ ተመልሶ ቁልፉን ሲያዞር ዝምታ የሚገጥመው ባለመኪና ብዙ ነው። ሩብ ሰዓት ቆይቶ ሲሞክር ምንም እንዳልተፈጠረ ይነሳል። ከዚህ ተነስቶ «አየሩ ነው» ማለት ግን ቀላል ጥያቄን አይመልስም። በዚያው ቀን፣ በዚያው ፀሐይ፣ አጠገቡ የቆመው ሌላ ቮልስ ለምን ተነሳ?

የሚሆነው እንዲህ ነው። ቮልስ በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር አለው፤ ሞተሩ ሲጠፋ ማራገቢያውም ይቆማል፣ የሞተሩ ሙቀትም አጠገቡ ወዳለው ሞተሪኖ ይፈስሳል። ከቆመ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ሞተሪኖው ከመንዳት ጊዜው የበለጠ ይሞቃል ማለት ነው። የመዳብ ተቃውሞ በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴንቲግሬድ 0.39 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ በ40 ዲግሪ ቢሞቅ 16 በመቶ ገደማ ማለት ነው። የሶሌኖይዱ ጥቅል መዳብ ስለሆነ ሲሞቅ የሚስበው አምፔር ይቀንሳል፣ ጉልበቱም ይደክማል። ነገር ግን 16 በመቶ ብቻውን ደህና መኪናን አያቆምም፤ የሚያቆመው አስቀድሞ አፋፍ ላይ የነበረውን ነው።

አፋፍ ላይ የሚያደርሰው ደግሞ የሽቦው ጉዞ ነው። ባትሪውና ሞተሪኖው ሁለቱም ከኋላ፣ ቁልፉ ከፊት ነው። ለሶሌኖይዱ የሚሄደው ኃይል ከኋላ ተነስቶ እስከ ዳሽቦርዱ ይሄዳል፣ በመብራት ማብሪያው መገናኛ በኩል ወደ ቁልፉ ያልፋል፣ ከዚያ መኪናውን አቋርጦ ወደ ኋላ ይመለሳል። በዚህ ሁሉ መንገድ ላይ ሽቦው በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ላይ የግማሽ ምዕተ ዓመት ዝገትና አቧራ ይዟል። የአዳማን ንፋስና አቧራ የሚያውቅ ይፍረደኝ። ሶሌኖይዱ መጀመሪያ ሲስብ 30 አምፔር ገደማ ይፈልጋል እንበል። የዝገቱ ተቃውሞ ሁሉ ተደምሮ አንድ አሥረኛ ኦም ብቻ ቢሆን 30 ሲባዛ በ0.1 ሦስት ቮልት መንገድ ላይ ቀረ ማለት ነው። ባትሪው ሙሉ ቢሆን እንኳን ሶሌኖይዱ የሚያገኘው ከዘጠኝ ቮልት ብዙም አይበልጥም። ጠዋት በቀዝቃዛው ይህ ይበቃው ይሆናል፣ ሲሞቅ ግን አይበቃውም። ያ ሌላው ቮልስ የተነሳው ሽቦው ንጹሕ ስለሆነ ነው። ሙቀቱ የነበረውን ጉድለት አጋለጠው እንጂ አልፈጠረውም።

ለማረጋገጥ ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ፣ ከዚያም ችግሩ በመጣበት ሰዓት፣ አንድ ሰው ቁልፉን ሲያዞር ከባትሪው ፖዘቲቭ እስከ 50 ቁጥር ጫፍ ያለውን የቮልት ልዩነት መለካት ነው። ከአንድ ቮልት በላይ ከሆነ መስመሩ ኃይሉን መንገድ ላይ እያስቀረ ነው። በወፍራሙ ገመድ ላይ ሞተሪኖው ሲያዞር የሚታየው ልዩነት ደግሞ ከግማሽ ቮልት መብለጥ የለበትም፤ በኔጋቲቩ በኩል ከዚያም ያነሰ መሆን አለበት።

ሪሌ የሚገባው ለዚህ ነው። ትንሿ ሪሌ ሞተሪኖው አጠገብ ትቀመጥና ከቁልፉ የሚመጣው ደካማ መስመር የሚያዘው እሷን ብቻ ይሆናል። እሷ የምትፈልገው ከአንድ አምፔር በታች ስለሆነ ዝገቱ አያግዳትም። ለሶሌኖይዱ የሚሄደው ከባድ ኃይል ከወፍራሙ ገመድ በአጭር መንገድ በሪሌዋ በኩል ይደርሳል። ዛሬ በሚሠሩ አብዛኞቹ መኪኖች ላይ ይህ አሠራር ከፋብሪካ የሚመጣ ነው፤ በሽታ መሸፈን ከሆነ ፋብሪካዎቹም ሸፋኞች ናቸው። በአንድ ነገር ግን ጸሐፊው ልክ ናቸው፤ ሪሌ ያስገባ ሠራተኛ ዝገቱን እዚያው ትቶት ከሄደ ያው ዝገት ነገ የፊት መብራቱን ያፈዝዛል፣ ወይም መጋጠሚያው ግሎ ፕላስቲኩን ያቀልጣል። መጀመሪያ ማጽዳት፣ ቀጥሎ መለካት፣ ካላረካ ሪሌ። ፊውዝ ሳይኖረው የገባ ሪሌ ካያችሁ ሠራተኛውን ውቀሱ፤ ሪሌዋን አትውቀሱ።

ካቻቢቴውን ግን በፍጹም አልቀበለውም። የትኞቹን ጫፎች እንደሚያገናኙ እንኳን አልጻፉም። ወፍራሙን ገመድና 50 ቁጥርን ብናገናኝ የምንፈትነው ሶሌኖይዱንም ሞተሪኖውንም ነው፤ ሁለቱን ወፍራም ጫፎች ብናገናኝ ግን ሞተሪኖው ጥርሱን ሳያወጣ በባዶ ይሽከረከራል፤ ለሁለቱ ውጤት ትርጉሙ የተለያየ ነው። ዋናው ነገር ግን ሕይወት ነው። ይህንን የሚያደርግ ሰው መኪናው ሥር ተኝቷል። ማርሽ ውስጥ የቀረ መኪና ካቻቢቴው እንደነካው ይዘላል፣ ቁልፉ በርቶ ከሆነ ደግሞ ተነስቶ ይሄዳል። ግድ ከሆነ ቁልፉ ይጥፋ፣ ማርሹ ባዶ ይሁን፣ የእጅ ፍሬኑ ይያዝ፣ ጎማው ሥር ድንጋይ ይግባ፤ በካቻቢቴ ፈንታም ማብሪያ የተገጠመለት ሽቦ ይሁን።

ስለ መግፋት ብዙ የምለው የለኝም። ቮልስ በግፊ ይነሳል፤ አዳማ ላይ ደግሞ የባጃጅ ልጆች ሳይጠሩ መጥተው ይገፋሉ፣ ምስጋና ይገባቸዋል። ግን መግፋት የሚያስፈልገው መኪና የሚገፋ ሰው ባለበት ቦታ ብቻ የሚቆም መኪና መሆን አለበት። ምሽት ላይ ከወንጂ ስትመለሱ ይህ አይገኝም። «ካላረካችሁ ሽጡት» ማለታቸውም ዛሬ እንደ ድሮው ቀላል አይደለም። የ2012ቱ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ዋጋ ሰቅሎታል፤ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተወስኗል። ያላችሁን አሮጌ መኪና የምትተኩበት ዋጋ ከአንድ ቡሽና ከአንድ የመዳብ ማሰሪያ ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

በመጨረሻ፣ ምርመራው ተደርጎ ጥፋቱ በእርግጥም ከሞተሪኖው ከተገኘ፣ የድሮውን ቦሽ ጥላችሁ አትሂዱ። ካርቦኑ ለብቻው ይቀየራል፣ የተቃጠለው መዳብ በቶርኖ ይስተካከላል፣ ሶሌኖይዱ በሁለት ብሎን ተፈትቶ ለብቻው ይተካል፣ የጫፍ ቡሾቹ ይመታሉ። ገበያ ላይ ካለው ማንነቱ የማይታወቅ ቅጂ ይልቅ የተጠገነው የድሮ ዕቃ ብዙ ጊዜ ይበልጣል። ጋራዡ አዲስ ካስገባላችሁም አሮጌውን በጨርቅ ጠቅልሎ እንዲመልስላችሁ ጠይቁ፤ ገንዘብ የከፈላችሁበት የእናንተው ዕቃ ነው።